የራስን አለባበስ መለየትና ቁም ሳጥንን ማደራጀት፦ ለጎጃም አየርና ኑሮ የሚስማማ ዝርዝር መመሪያ

በገበያ ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚገባ የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሲመጣ ገና ከሩቅ ይለያል። ቁምጣው ጭቃ ለሚረግጥና ወንዝ ለሚሻገር እግር የተመቸ ነው፤ ጋቢው ማለዳ ከውርጭ ይከላከላል፣ ቀትር ላይ ተጣጥፎ ትከሻ ላይ ይውላል፣ መንገድ ላይ ቢመሽ ደግሞ ብርድ ልብስ ይሆናል። ትርፍ ነገር የለበትም፤ የጎደለም የለውም። ይህ አለባበስ ከአየሩ፣ ከሥራውና አብሮት ከሚኖረው ሰው ጋር ተስማምቶ የጸና ስለሆነ፣ የአለባበስ ዘይቤ ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በመጀመሪያ የምጠቅሰው እርሱን ነው።

በከተማ የምንኖር መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚገጥመን ተቃራኒው ነው፤ ቁም ሳጥኑ ሞልቶ አልዘጋ እያለ ጠዋት የምንለብሰው እናጣለን። እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሥራ በተዛወርኩበት ዓመት ሁለት ሻንጣ ልብስ ይዤ ሄጄ፣ ከዚያ ሁሉ ለባሕር ዳር ሙቀት የሚሆነው ከሦስት ሸሚዝ እንደማይበልጥ የተረዳሁት ከደረስኩ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በራሴና በቤተሰቤ ልብስ ላይ እየሞከርኩ ያስተካከልኩትን አሠራር ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። ሥራው በአንድ ቅዳሜ ስለማያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ይስጡት፤ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ለልብስ ሰፊ ከሚከፈለው በቀር ገንዘብ አያስወጣም።

አንደኛ፦ ያለውን ሁሉ አውጥቶ መቁጠር

ክረምቱ ወጥቶ አየሩ የሚደርቅበት ጥቅምት ወይም ኅዳር ለዚህ ሥራ ከሁሉም ወራት ይሻላል፤ ለመለየት የሚያወጡት ልብስ በዚያው ቀን የሐምሌና የነሐሴ እርጥበቱ ይወጣለታልና። አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ያንጥፉና በቁም ሳጥኑ ያለውን፣ በሻንጣና ከአልጋ ሥር የተቀመጠውን፣ በበር ጀርባ የተሰቀለውን፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ የቀረውንና ወላጆችዎ ቤት የተዉትን ጭምር አንድ ላይ ያምጡ። ግማሹን ብቻ ማውጣት ጥቅም የለውም፤ አንድ ዓይነት ጥቁር ሱሪ ሦስት ጊዜ የምንገዛው ሁለቱ የት እንዳሉ ስለረሳን ነው።

ከዚያ ልብሱን በአራት ክምር ይለዩት። የመለያው ጥያቄ «እወደዋለሁ ወይ?» የሚል አይሁን፤ ገንዘብ የወጣበትን ነገር ሁሉ ሰው እወደዋለሁ ማለቱ አይቀርም። «ለመጨረሻ ጊዜ የለበስኩት መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የለበሱት አንደኛው ክምር ይሆናል። ለበዓል፣ ለሰርግ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለልቅሶ ብቻ የሚወጣው ሁለተኛው ነው፤ በዓመት ሁለቴ ብቻ ቢለበስም ቦታ ይገባዋል። ቁልፉ የወለቀ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ የረዘመ ወይም የሰፋ፣ በጥገና የሚድነው ሦስተኛው ሲሆን፣ የተረፈው ሁሉ ወደ አራተኛው ይሄዳል። አራተኛው ከሌሎቹ ትልቅ ሆኖ ቢገኝ አይደንገጡ።

ብዙ ሰው አራተኛውን ክምር በማስወገድ ላይ ብቻ ያተኩራል። እኔ ግን ረዥሙን ሰዓት ለአንደኛው ክምር እንዲሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሳያስቡበት፣ በጠዋት ጥድፊያ እጅዎ የሚያነሣው ልብስ ስለ እርስዎ የሚናገረው ብዙ ነገር አለና። ደብተር ያውጡና የእያንዳንዱን ቀለም፣ የአንገቱን አሠራር፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ የጨርቁን ውፍረትና ዓይነት ይጻፉ፤ ከዚያም የሚደጋገመውን ያስምሩበት። እኔ ስቆጥር ከ14 ሸሚዞች በየሳምንቱ የማነሣቸው አምስቱን ብቻ ነበር፤ አምስቱም ጥጥ፣ አምስቱም ኮሌታ ያላቸው ነበሩ፤ አንዳቸውም ዝንጉርጉር አልነበረም። የተቀሩት ዘጠኙ ደግሞ አብዛኞቹ ሌላ ሰው ላይ አይቼ የገዛኋቸው ነበሩ። የራሴን አለባበስ ለዓመታት ይዤው ኖሬ ሳለ ሌላ ፍለጋ ገንዘቤን ስበትን እንደቆየሁ ያየሁት በዚያች ገጽ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ የሁለት ሳምንት መዝገብ መያዝ

ለ14 ቀናት፣ ማታ ማታ፣ በዚያው ደብተር ላይ የት እንደዋሉ፣ ምን እንደለበሱ፣ ጠዋትና ቀትር አየሩ እንዴት እንደነበረ፣ የልብሱ የትኛው ቦታ እንዳስቸገረዎት በሁለት መስመር ይጻፉ። «ብብቴ ላይ ያዘኝ»፣ «ስቀመጥ ሸሚዙ ከሱሪው ወጣ»፣ «እስከ አራት ሰዓት በረደኝ» የሚሉ አጫጭር ማስታወሻዎች ይበቃሉ። በሁለት ሳምንት መጨረሻ ላይ ስንት ቀን በሥራ፣ ስንት ቀን በቤት፣ ስንት ጊዜ በማኅበር ወይም በልቅሶ እንደዋሉ ይቁጠሩ፤ የልብሱም ብዛት ይህንኑ ቁጥር መከተል አለበት። ከ14 ቀናት አሥሩን መማሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው አራት ሙሉ ልብስና አንድ የሚያስተማምን ጫማ ብቻ ካለው፣ ያለው ልብስ የራሱ ኑሮ ልብስ አይደለም ማለት ነው።

ጎጃም ውስጥ አየሩን መመዝገብ በተለይ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከደጀን ቁልቁል ወርደው የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ ደግሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በማለዳ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በአንድ ጠዋት ደጋውንም ቆላውንም ያያል። እንዲህ ላለው አየር አንድ ወፍራም ሹራብ መፍትሔ አይሆንም፤ ወይ ይሞቃል ወይ ይወልቃል፣ መካከለኛ የለውም። ስስ የጥጥ ሸሚዝ፣ ከላዩ በቁልፍ የሚከፈት ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የሚመልስ ጃኬት ቢደርቡ በመካከላቸው የሚያዘው አየር ሙቀት ይጠብቃል፤ ፀሐዩ ሲበረታም አንድ በአንድ ማውለቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፦ ልክን ማወቅና ማስተካከል

ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ የእጅጌና የሱሪ ቁመት ልክዎን በሜትር ያስለኩ፤ ቁጥሮቹንም በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ከእነዚህ ሁሉ የትከሻው ይበልጣል። የሸሚዝ ወይም የኮት ትከሻ ስፌት የትከሻ አጥንት በሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ወርዶ ክንድ ላይ ከተንጠለጠለ ልብሱ የተውሶ ይመስላል፤ ትከሻን ፈትቶ መልሶ መስፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልብሱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ እጅጌ መቀነስና ጎን ማጥበብ ግን ቀላል ሥራዎች ናቸው። ማስፋት የሚቻለው በስፌቱ ውስጥ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ልብሱን ገልብጠው ይዩ።

ሦስተኛውን ክምር አሁን ወደ ልብስ ሰፊው ይውሰዱት። በአንድ ወር ውስጥ ለማስጠገን ያልተነሣሡበት ልብስ ከዚያ በኋላም አይጠገንምና ወደ አራተኛው ክምር ይዛወር።

አራተኛ፦ ጨርቅን መለየት

በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የጥጥ እውቀት እንግዳ ባልሆነበት አገር እየኖርን ብዙዎቻችን የምንገዛውን ጨርቅ ምንነት አለመጠየቃችን ያሳዝነኛል። በልብሱ ውስጥ የተሰፋው ጽሑፍ ካለ እርሱን ማንበብ ነው፤ ከሌለ ወይም የማያስተማምን ከሆነ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዘው፣ ከልብሱ ርቀው፣ በብረት ሳህን ላይ ክብሪት ይለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ ይሰጣል፣ በጣት ሲነካ የሚበተን አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙም እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ይሆናሉ።

ይህን ማወቁ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ጨርቅ ላብን የሚይዝበትና የሚያሳልፍበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ነፋስም ያስገባል፤ ለባሕር ዳርና ለፍኖተ ሰላም ቀትር ይሆናል፤ ነገር ግን በክረምት ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አይጨማደድም፤ ገላ ላይ ሲለበስ ግን ላቡን አፍኖ ሽታ ያበዛል። ስለዚህ ገላ የሚነካውን ከጥጥ፣ ዝናብ የሚመልሰውን ከሰው ሠራሽ ጨርቅ መምረጥ ይበጃል።

አምስተኛ፦ ቀለም

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለሱሪና ለጉርድ የሚሆኑ ሁለት ጠቆር ያሉ ቀለሞች፣ ለሸሚዝ አንድ ወይም ሁለት ፈካ ያሉ፣ ከዚያም ደስ የሚልዎትን አንድ ቀለም ይምረጡ። ሁሉም እርስ በርስ ከተስማሙ ሦስት ሱሪና አምስት ሸሚዝ 15 የተለያየ አለባበስ ይሰጣሉ፤ ከማንም ጋር የማይሄድ አንድ ደማቅ ሱሪ ግን በአንድ ሸሚዝ ብቻ ታስሮ ይቀራል። ቀለሙ ከፊትዎ ጋር መስማማቱን ለማየት ጨርቁን አገጭዎ ሥር ይያዙና በመብራት ሳይሆን በመስኮት ብርሃን መስተዋት ይመልከቱ። ነጭ ሱሪ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው መናገር አያሻም።

ስድስተኛ፦ የአገር ልብስን በሥርዓቱ መያዝ

ከውጭ የተወሰዱ የአለባበስ ምክሮች የሚያጎድሉት ይህን ክፍል ነው። የእኛ ቁም ሳጥን ግማሹ ሸማ ነው፤ ሸማም እንደ ሸሚዝ አይታጠብም፣ እንደ ሸሚዝም አይሰቀልም።

በመጀመሪያ የሚያስፈልገውን እንወስን። ለአንዲት ሴት አንድ የበዓል ቀሚስ ከነነጠላው፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ቀለል ያለ ነጭ ቀሚስና ነጠላ፣ ለልቅሶ ጥለቱ ያልደመቀ ነጠላና ጥቁር ልብስ፣ ለቤት አንድ ጋቢ ይበቃሉ ብዬ አስባለሁ። ለወንድ ደግሞ አንድ ኩታ ወይም ነጠላ፣ አንድ ጋቢና ለበዓል የሚሆን ነጭ ሱሪ ከነእጀ ጠባቡ ይበቃል። የልቅሶው ልብስ ለብቻው ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት፤ መርዶ ቀጠሮ ስለማይሰጥ በሐዘን ሰዓት ልብስ ፍለጋ ሻንጣ መገልበጥ ለራስም ለሐዘንተኛም ይከብዳል። የአለባበሱ ሥርዓትም የዘይቤው አካል ነው፦ በቤተ ክርስቲያን ነጠላው መስቀለኛ ተደርጎ ይለበሳል፤ በልቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ትከሻ ይሆናል፤ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ውድ ነጠላ ለብሶ ይህን ያልጠበቀ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ልብሱን ጨርሶ እንዳልለበሰ ይቆጠራል።

ሸማኔ ዘንድ ሲያዝዙ ጥለቱን ከቀሚሱ ጥበብ ጋር ለማስማማት ናሙና ይዘው ይሂዱ፤ የቀለሙን ስም ብቻ መናገር አይበቃም፤ ሸማኔው የሚያስበው አረንጓዴና እርስዎ የሚያስቡት አረንጓዴ ላይገናኙ ይችላሉና። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ቁመቱን በትንሹ አስረዝመው ያዝዙ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ጫፎቹ በደንብ መያያዛቸውን፣ ፈትሉም እኩል መሆኑን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይመልከቱ።

ሲያጥቡ ከሁሉ አስቀድመው ጥለቱን ይፈትኑ፦ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበው ጥለቱ ላይ ይጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ ያ ልብስ ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይዘፈዘፍ በፍጥነት መታጠብ አለበት። እናቶቻችን ነጭ ጋቢን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ስላለው እንደ ሳሙና ያገለግላል። እንዶድ ከሌለ ቀለል ያለ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ግን ለሸማ አይሁን፤ የጥጡን ክር ያዳክማል፣ ጥበቡንም ያደበዝዛል። ሸማን አይጠምዝዙ፤ ውኃውን በመዳፍ ተጭነው አውጥተው ነጩ ወደ ውጭ፣ ጥበቡ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው በጥላ ያስጡት። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበትን ጥበብ ሲተኩሱ በላዩ ስስ ጨርቅ አንጥፈው ካውያውን ለዘብ ያድርጉት።

ቀሚሱን ለዓመት ሙሉ በመስቀያ ላይ መስቀል ትከሻውን ስለሚጎትተው አጥፎ ማስቀመጡ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ በዚያው መስመር ይሰነጠቃልና በየሦስት ወሩ እጥፋቱን ይቀይሩ። በላስቲክ ከረጢት አያስቀምጡት፤ እርጥበት አምቆ ቢጫ ያደርገዋል። አሮጌ ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ከሁሉም ይሻላል። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ደግሞ ይልበሱት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለልጅ ሰርግ ተብሎ ተቀምጦ ብል ሲበላው ያየሁት ቀሚስ ግን ጥቂት አይደለም።

ሰባተኛ፦ ቁም ሳጥኑን ማደራጀት

ልብስ ከመመለስዎ በፊት ቁም ሳጥኑን ባዶውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ በሩን ከፍተው አንድ ቀን ያናፍሱት። ከግድግዳው፣ በተለይ ከጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ ከመሬትም በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ያድርጉት። በክረምት ልብስን ሻጋታ የሚያስይዘው አየር ያጣ እርጥብ ግድግዳ ነው።

የሚሰቀለውና የሚታጠፈው ይለይ። ኮት፣ ሸሚዝ፣ የሚጨማደድ ቀሚስና ሱሪ ይሰቀላሉ፤ ሹራብ፣ ቲሸርትና ሸማ ይታጠፋሉ፤ ሹራብ ከተሰቀለ ተጎትቶ ይረዝማል። የሥራ ልብስ በዓይንና በእጅ ትክክል፣ የቤት ልብስ ዝቅ ብሎ፣ የበዓልና የልቅሶ ልብስ ከላይ ወይም ከውስጥ ይሁን። ሱሪዎች አንድ ላይ፣ ሸሚዞች አንድ ላይ፣ ከጠቆረው ወደ ፈካው ቢሰለፉ ጠዋት ለመምረጥ ጊዜ አይፈጅም። ቁም ሳጥን የሌለው ተከራይም ይህንኑ ማድረግ ይችላል፦ በክፍሉ ጥግ ጠንካራ ገመድ ወይም እንጨት ዘርግቶ፣ ከፊቱ መጋረጃ አንጠልጥሎ፣ የሚታጠፈውን በሁለት ሻንጣ፣ አንዱን ለሥራና ለቤት፣ ሌላውን ለሸማ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ብልን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ልብሱን የሚበላው የሚበርረው ሳይሆን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ የሚፈልገውም ሱፍና ከእንስሳ የተገኘ ክር ነው፤ ጥጥን የሚነካው በአብዛኛው ላብ፣ ወጥ ወይም ቅባት ካለበት ነው። ስለዚህ በርኖስም ሆነ የሱፍ ኮት ሳይጸዳ አይቀመጥ። ናፍታሊን ከተጠቀሙ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው እንዳይውጡት በጨርቅ ቋጥረው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ መርዝ ነውና። በክረምት ፀሐይ በወጣ ቀን ሁሉ በሩን መክፈትና የሱፉን ልብስ አውጥቶ ማራገፍ ከናፍታሊን የበለጠ ሲጠቅመኝ አይቻለሁ።

የሚለብሱትንና የማይለብሱትን በዓመት ውስጥ ለማወቅ፣ በመስከረም ወር በእያንዳንዱ የሥራ ልብስ ላይኛ ቁልፍ አጭር ቀይ ክር ይሰሩ፤ የለበሱትን ቀን ክሩን ይፍቱት። እስከ ሰኔ ያልተፈታ ክር ያለበት ልብስ ለሌላ ሰው ቢሰጥ አይጎድልብዎትም።

ስምንተኛ፦ መግዛትና ማስወጣት

ከደብተሩ በመነሣት የሚጎድሉትን ሦስት ነገሮች ብቻ ይጻፉ፤ ከሦስት በላይ አይሁን። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ልብስ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ይታገሡ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን። ዋጋውን ደግሞ በሚለበስበት ቀን ያካፍሉት፦ ለምሳሌ በ3,000 ብር ተገዝቶ 300 ቀን የሚደረግ ጫማ በቀን 10 ብር ያወጣል፤ በ900 ብር ተገዝቶ በ30 ቀን የሚገነጠለው በቀን 30 ብር ያወጣል። በዚህ ስሌት ለጫማና ለጃኬት ገንዘብ ማብዛት፣ አንድ ቀን ለሚለበስ የሰርግ ልብስ ግን መከራየትን ወይም መዋስን ማስቀደም ተገቢ ነው።

ሳልቫጅ ሲገዙ ልብሱን ወደ ፀሐይ ዘርግተው የሳሳ ቦታ ይፈልጉ፤ ኮሌታውን፣ ብብቱን፣ የሱሪውን መቀመጫና የውስጥ ጭን፣ ዚፑን እስከ ላይ ድረስ ይመርምሩ፤ ሜትር ይዘው ሄደው ትከሻውን ከደብተርዎ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ቤት ሲደርሱ በፈላ ውኃ የሚታጠበውን በፈላ ውኃ፣ የማይችለውን በሳሙና አጥበው በፀሐይ አድርቀው ብቻ ወደ ቁም ሳጥኑ ያስገቡ።

አዲስ አንድ ሲገባ ከአራተኛው ክምር አንድ ይውጣ። ደህናው ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ልጅ ታጥቦና ተተኩሶ ይሰጥ፤ ያልታጠበ ልብስ መስጠት ተቀባዩን ዝቅ ማድረግ ነው። የነተበው ለልዋጭ ይሄዳል፣ ወይም ተቀዶ የወለል መወልወያ ይሆናል። ከመቀደድዎ በፊት ግን ቁልፎቹንና ደህናውን ዚፕ ፈትተው በአንድ ቆርቆሮ ያጠራቅሙ፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ሦስተኛውን ክምር ወደ ልብስ ሰፊው ሲወስዱ ከዚያው ቆርቆሮ የሚፈልገውን መርጦ ይሰፋልዎታል።